የእናቴ በግ

ለዘመን መለወጫ ሦስት ቀን ሲቀረው፥ ከገበያ ወደ ቤቴ ስመለስ በተሳፈርሁበት ባጃጅ ውስጥ አንድ በግ አብሮኝ ተቀመጠ። ሰው ማለቴ አይደለም፥ በግ ነው የምላችሁ። ባለቤቱ ጎረምሳ «እማማ፥ ትንሽ ጠጋ ይበሉለት» አለኝና እግሮቹን አጣጥፎ ከጎኔ ወሸቀው። ዝናብ ሲደበድበው የዋለ በግ ነበርና የጠጉሩ ሽታ ባጃጁን ሞላው። ሌላ ቀን ቢሆን ሻሼን አፍንጫዬ ላይ ጣል አድርጌ አጉረመርም ነበር። ያን ዕለት ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጁ በጉ የረገጠኝ መስሎት ደነገጠ። «ምንም አልሆንሁም፤ ይልቅ ስንት ገዛኸው?» አልሁት። ዋጋውን ሲነግረኝ ጮህሁ። «ይህን ሁሉ ብር ከየት አመጣኸው?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀና ስልኩን አሳየኝ፤ «ከዚሁ ነው የተበደርሁት እማማ፥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ። ዝም አልሁ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ቤቴ እስክደርስ አፌ አላረፈም። ምስኪኑ ልጅ ከበጉ ይልቅ እኔ ብወርድለት ሳይመኝ አልቀረም።

እኔ የበግ ጠጉር ሲሸተኝ ዕዳ የሌለበት ቤት ነው የሚታየኝ። ጣሊያን ወጥቶ፥ ንጉሡ ተመልሰው፥ ጎንደር ቀስ በቀስ እፎይ ያለችበት ዘመን ነበር። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የማስታውሰው በዋጋ ነው። በድንቡሎ ከረሜላ፥ በስሙኒ ቤተሰብ የሚያጠግብ ሙዝ፥ በሽልንግ አንድ ክንድ ደህና አቡጀዲ ይገኝ ነበር። አባቴ ኢድሪስ ልብስ ሰፊ ነበር። የሚሰፋው ፒያሳ፥ ጣሊያን ሠርቷቸው ከሄዱት ቢጫ ሕንጻዎች በአንዱ በረንዳ ላይ ነው። ከፊት ለፊቱ ካለው ቡና ቤት የራዲዮ ዘፈን ይንቆረቆራል፤ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች በካኪ ኮትና በተወለወለ ጫማ፥ ቦርሳቸውን በብብታቸው ይዘው ያልፋሉ፤ ወይዛዝርቱ ሐር መሳይ ነጠላቸውን አንዴ ያወርዳሉ፥ አንዴ ይመልሳሉ። አባቴ ዘፈኑን አይሰማም፤ ፔዳሉን እየረገጠ በለሆሳስ መንዙማውን ያዜማል። ሜትሩ ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ነበር፥ ግን እምብዛም አያወርደውም። ሰውየው ገና ደረጃውን ሲወጣ ወገቡ ስንት፥ ትከሻው ስንት እንደሆነ በዓይኑ ይነግራችኋል። ሰው ሁሉ «የኢድሪስ ዓይን» ይል ነበር። እኔ ልጁ ምሳውን ይዤለት ስሄድ ያን ስሰማ የምረግጠው መሬት ይጠበኝ ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ ሰው የሚያደንቀው ልብስ ሰፊ የሚሰፋባት ማኪና የራሱ አልነበረችም። የሕንጻው ባለሱቅ ንብረት ናት። አባቴ ከሰፋው ሁሉ ግማሹ ለባለሱቁ፥ ግማሹ ለእኛ ነው። ቤታችን አዲስ ዓለም ሰፈር፥ ሁለት ክፍል፥ አያቶቻችን የሠሯት የድንጋይ ቤት ነበረች። እናቴ ዘሐራ ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔዎች ትሸጣለች። ከፈትሉ ያገኘቻትን ሳንቲም በጥጥ ትራስ ውስጥ ትደብቃለች፤ ትራሱ ላይ ማንም እንዲተኛ አይፈቀድም። እህል የምንገዛው በጥር፥ ገበሬው አውድማውን ጠርጎ ዋጋው ሲወድቅ ነው፤ በነሐሴ ጎረቤቱ ሁሉ እየተማረረ ሲሸምት እናቴ ከጎታዋ እየቀዳች ትኩራራለች። አባቴ የሚያመጣው የጨርቅ ቁርጥራጭ አይጣልም፤ ወይ ቆብ ይሆናል፥ ወይ የትራስ ልብስ ይሆናል፥ ወይ የእኔ ቀሚስ ክንድ ይሆናል። አንዱ እጅጌዬ ካኪ፥ አንዱ ሰማያዊ ሆኖ ቁርኣን ቤት ስሄድ ልጆች ይስቁብኝ ነበር። አንድ ነገር ያማረን እንደሆነ ደግሞ የእናቴ መልስ አንድ ነው፤ «እስከ ቅዳሜ ይደር» ትላለች። ቅዳሜ ገበያ ሲደርስ አሁንም የምትፈልጉት ከሆነ እንነጋገራለን ማለቷ ነው። እኔ ለዒድ የሸራ ጫማ አምሮኝ አሥራ አንድ ቅዳሜ ቆጥሬአለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ገዛችልኝ፤ ያን ጫማ አንድ ዓመት ሙሉ ካደረግሁበት ጊዜ ይልቅ በእጄ ይዤው የሄድሁበት ይበልጣል።

የሰፈራችን ባለሱቅ አንድ ወፍራም የዱቤ ደብተር ነበረው። የእኛ ስም ግን አንድም ቀን አልገባበትም። ሃይማኖታችን ወለድን መከልከሉ የታወቀ ነው፤ የአባቴ ግን ከዚያም ያለፈ ነበር። አያቴ ሲሞት ካወረሰው ነገር ትልቁ ዕዳ ነበር፤ አባቴ የጎረምሳነት ዕድሜውን የፈጀው ሌላ ሰው የበላውን ሲከፍል ነው። ስለዚህ ብድር የሚባል ነገር ሲነሳ ፊቱ ይጠቁራል። የእናቴ ወንድም አጎቴ ሰዒድ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የእጅ ሰዓቱ በዱቤ፥ ብስክሌቱ በዱቤ፥ የሱቁ ዕቃ ግማሹ በብድር ነበር። ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው፥ እንወደዋለን። «ኢድሪስ፥ አንተ እኮ ከሞትህ በኋላ ለመኖር ነው የምታጠራቅመው» እያለ አባቴን ይጎነትለዋል፤ አባቴ ይስቃል፥ ግን አይመልስለትም።

ከትራሱ ሌላ አንድ ሀብት ነበረን። አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ አያ ታከለ የሚባል ገበሬ ነበር። አንድ ክረምት ማር ሊሸጥ ጎንደር ወርዶ ዝናብ ሲይዘው ከአባቴ በረንዳ ተጠለለ፤ አባቴም የተቀደደ ኮቱን በነጻ ጣፈለት። ከዚያ ወዳጅ ሆኑ። አባቴ ሦስት እናት በጎች ገዝቶ ርቢ ሰጠው፤ እሱ ይጠብቃል፥ ያበላል፥ የተወለደው እኩል ይሆናል። በግ የሞተ እንደሆነ እውነተኛ ርቢ ጠባቂ ቆዳውን ለባለቤቱ ያመጣል። አያ ታከለም ባለፉት ስድስት ዓመታት የሦስቱንም አሮጊቶች ቆዳ ተራ በተራ ተሸክሞ አምጥቷል፤ አባቴ የሚሰግድበት አጎዛ ከነሱ አንዱ ነው። ከኛ ቤት ሲያድር ሥጋችን ስለማይገናኝ እናቴ ሽሮ ሠርታ በቅሪቦ፥ በማያሰክረው ጠላችን፥ ታስተናግደዋለች። ስለ በጎቹ ስትጠይቀው ግን መልሱ ሁልጊዜ «ሸጋ ናቸው» ብቻ ነው። ስንት ናቸው ከተባለ ይቆጣል። በእሱ አገር መንጋ አይቆጠርም፤ የተቆጠረ መንጋ ያልቃል ብለው ያምናሉ። እንግዲህ አስቡት፤ የቤታችን ትልቁ ቁጠባ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም።

አንድ ታኅሣሥ ላይ የማኪናዋ ባለቤት የፒያሳው ባለሱቅ አባቴን ጠርቶ ሱቁን ዘግቶ ወደ አሥመራ ሊሄድ መሆኑን ነገረው። ማኪናዋን በመቶ ሃያ ብር ይሸጣል። እስከ ገና ድረስ ለአባቴ ያቆይለታል፤ ካልሆነ ከበረንዳው ማዶ ያለው ሌላ ሰፊ ይወስዳታል፥ ከበረንዳው ቦታ ጋር። አባቴ ያን ማታ ራቱን አልጨረሰም። እናቴ ትራሱን ተርትራ ወረቀቱን ከጠገራው፥ ስሙኒውን ከሽልንጉ ለየች፤ ስልሳ ሁለት ብር ሆነ። በማግስቱ አጎቴ ሰዒድ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «ይኼ እኮ ሰርግ ነው! አበዳሪ አውቃለሁ፤ የቤቱን ወረቀት መያዣ ትሰጠዋለህ፥ ነገ ጠዋት ማኪናዋ ያንተ ናት» አለ። እናቴ ቤቷን ዞር ብላ አየችው፤ ግድግዳውን፥ ጎታውን፥ እኔን። አባቴም አያት። «በጎቹ» አለችው። «በጎቹ ስንት እንደሆኑ በምን አውቃለሁ?» አላት። «ሄደን እናያለና» አለች። ማኪናዋን ያለ ዕዳ ማግኘት፥ ካልሆነ ማጣት፤ ከሁለት አንዱ ብቻ ነበር የቀረን።

ሦስታችንም በጭነት መኪና፥ ከጨው ከረጢት ላይ ተቀምጠን ሽቅብ ወጣን። የአያ ታከለ አገር የወገራ ብርድ አጥንት ይሰብራል። የአያ ታከለ ቤት ገብሱ ታጭዶ ባለቀ ማሳ ዳር ነበር። የነቢያት ጾም ስለነበር ቤቱ ሁሉ የሚበላው ንፍሮና ሽሮ ነው፤ ስለዚህ እንግዳም ባለቤትም ከአንድ ገበታ በላን። አባቴ የመጣበትን ነገረው። አያ ታከለ ምንም ሳይጠይቅ «ሸጋ፤ ጠዋት እንካፈላለን» አለ። ጠዋት እሱና አባቴ ከበረቱ በር ግራና ቀኝ ቆሙ። ሚስቱ በጎቹን ሁለት ሁለት እያደረገች ታወጣለች፤ እሱ «ይች ለእናንተ፥ ይች ለእኛ» እያለ አንዷን ወደ አባቴ፥ አንዷን ወደራሱ ይገፋል። ቁጥር የሚባል አልተጠራም። የእናቴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየና «ዘሐራ! ከንፈርሽን ያዢ!» ብሎ ጮኸባት። እሷም አፏን በሻሽዋ ሸፈነች። በረቱ ባዶ ሲሆን ከመካከል አንዲት ጎዶሎ በግ ቀረች። እናቴ ከሻሽዋ ሥር ቆጥራ ጨርሳ ኖሮ ወደ አባቴ ጠጋ ብላ «ዘጠኝ» ብላ ሹክ አለችው። አንዱ በግ አምስት ብር ቢያወጣ አሥራ ሁለት ያስፈልገን ነበር።

አያ ታከለ የአባቴን ፊት አይቶ «ስንት ጎደለኸ?» አለው።

«ሦስት።»

«እንግዲያ ይችን ጎዶሎ ያዝ፥ ከኔ ደግሞ ሁለት ጨምር። ሲመችኸ ታመጣለኸ።»

«እሱ ብድር ነው፥ አያ ታከለ።»

«ምኑ ነው ብድሩ? በግ አይደለም እንዴ?»

«ሳልመልስ ብሞትስ?»

«ሳትመልስ ብትሞትማ ነፍሱን ይማር እላለሁ! እንግዲያስ ስጦታ ይሁን።»

«ልጅ ልትድር ነው፤ ካንተ ቤት ሦስት በግ እንዴት አጎድላለሁ?» አለ አባቴ፥ ወደ መሬት እያየ።

አያ ታከለ ያን ጊዜ ተቆጣ። ጋቢውን ትከሻው ላይ መልሶ ወርውሮ «ምነው ኢድሪስ? ስድስት ዓመት ሙሉ በጎችኸን በእጄ አምነኸ ተውኸ፤ ዛሬ ከዚሁ እጅ መቀበል አስጠየፈኸ?» አለው። እኔም ልጅ ብሆን ገባኝ። አባቴ ዕዳን ፈርቶ ወዳጁን እየገፋ ነበር። የአያ ታከለ ሚስት ናት ያስታረቀቻቸው፤ ሌማቱን አስቀምጣ «ተቀመጡ ሁለታችሁም» አለች። ልጃቸው በጥር ልትዳር ነው፤ ከጎንደር የተገዛው ጨርቅ ተጣጥፎ ከመሶብ ሥር ተቀምጧል። «ልብስ ሰፊ ከደጃችን ቆሞ እኛ ሰፊ ፍለጋ ከተማ እንውረድ? ስፋልን፤ በበግ እንከፍላለን» አለች። አባቴ ወዲያው ቀና አለ። ሥራ ማለት ለእሱ ብድርም ስጦታም አልነበረም።

አራት ቀን ሰፉ። ማኪና የለ፤ በእጅ ነው። አባቴ ለአያ ታከለ ካኪ ኮትና ተፈሪ ሱሪ ሠራለት፤ ለሙሽራዋና ለእናቷ ደግሞ ቀሚስ ቆረጠ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ እየመጣ «የኢድሪስ ዓይን» እዚያም ተወራ። የሁለቱን ቀሚስ አንገትና ጠርዝ የጠለፈችው ግን እናቴ ናት፤ ከጎጆው በር የሚገባውን ብርሃን ተከትላ ቦታዋን እየቀየረች፥ ጣቷን ብርድ እየቆረጠማት። በአራተኛው ቀን ሂሳብ መጣ። አያ ታከለ «ሦስት በግ» ሲል አባቴ «ጎንደር ቢሆን ከሁለት በግ አይበልጥም» አለ። ከፋይ ዋጋ ሲጨምር፥ ተከፋይ ሲቀንስ ያየሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ተከራክረው ተከራክረው ደከማቸው። እናቴ መርፌዋን ሻሽዋ ላይ ሰክታ «አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለች።

«ጠይቂ» አላት አያ ታከለ።

«ጥልፉ የማን ነው?»

ሁለቱም ወደ ቀሚሶቹ ዞሩ።

«ሁለቱ በግ የኢድሪስ እጅ ዋጋ ነው። የኔን እጅ ማን ቆጠረው? ሦስተኛዋ በግ የኔ ናት።»

አባቴ ቀሚሱን አነሳና ጠርዙን ገልብጦ እንደ ባለሙያ አየው፤ ከዚያ እሷን አየ። አያ ታከለ ግን በሳቅ ፈረሰ። «ሸጋ! ከሁለታችን ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት! ውሰጂ፥ መርጠሽ ውሰጂ!» አላት። እናቴ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባትን፥ የሰባችውን መረጠች። ወዳጅነታቸውም እንደ ነበረ ሆነ፤ አያ ታከለ እስከ መንገዱ ድረስ አዲሱን ኮቱን ለብሶ ሸኘን።

ከዚያ አሥራ ሁለት በግ እየነዳን ወደ ጎንደር ወረድን። ሁለት ቀን ፈጀብን። መሐል መንገድ ካፊያ መታንና በጎቹም እኛም ራስን፤ ያቺ ባጃጅ ውስጥ የሸተተችኝ ሽታ በዚያ መንገድ ላይ ነው ልቤ ውስጥ የገባችው። እናቴ የራሷን በግ ማንም እንዳይነዳባት ከልክላ እሷው ትነዳታለች። የቅዳሜው ገበያ የገና ዋዜማ ገበያ ነበርና ገዢው በዝቶ ጠበቀን። አባቴ በዋጋ ክርክር ደካማ ነው፤ የሸጠችው እናቴ ናት። ባለ ነጭ ግንባሯ ለብቻዋ ሰባት ብር አወጣች። ሲጠቃለል ከበጎቹ ስልሳ ሁለት፥ ከትራሱ ስልሳ ሁለት፤ መቶ ሃያ አራት ብር። አባቴ ከባለሱቁ ፊት ብሩን ደርድሮ ከከፈለ በኋላ «በመካከላችን ዕዳ የለም» የምትል አንዲት መስመር አስጻፈው። ወረቀቷን ከቁርኣኑ መሸፈኛ ውስጥ አኖራት።

ማኪናዋ የምትሠራው እዚያው በረንዳ ላይ ነው፤ ወደ ቤት መውሰድ አያስፈልግም ነበር። አባቴ ግን ብድግ አደረጋት። አጎቴ ሰዒድ ከሱቁ ወጥቶ «ወዴት ነው የምትሸከማት? ነገ ተመልሰህ ልታመጣት!» አለው። «ቤቷን ላሳያት» አለ አባቴ። አጎቴ ሳቀና የብረት እግሯን በአንድ በኩል ያዘለት። ከፒያሳ እስከ አዲስ ዓለም በጠራራ ፀሐይ ተሸክመዋት ሄዱ፤ እናቴና እኔ ከኋላ ተከተልን። ሰው ሁሉ ከደጁ ወጥቶ ያየን ነበር። ብዙ ክብር አይቻለሁ፤ ልጆቼ ተመርቀውልኛል፥ ከዚያ በኋላ የተወለዱት ወንድሞቼ በዚያች ማኪና ተምረው ሐኪምም አስተማሪም ሆነዋል። እንደዚያ ቀን ግን ደረቴን ነፍቼ የሄድሁበት ጊዜ የለም። አጎቴ ሰዒድን በተመለከተ፥ በኋላ መጀመሪያ ሰዓቱ ሄደ፥ ከዚያ ብስክሌቱ፥ ከዚያ ቤቱ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ከኛ ጋር ኖረ። እናቴ አንድ ቀን እንኳ አላነሳችበትም። እኔ ግን ይኸው አነሳሁ፥ አላህ ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት አባቴ ማኪናዋን ከመመለሱ በፊት ወጣ ብሎ ተመለሰ። የተረፈችውን አራት ብር ይዞ ከእስላም ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ደርሶ ኖሮ በብብቱ ጨርቅ ይዟል፤ ሰማያዊ መደብ፥ ነጭ አበባ። ማኪናዋ ላይ ዘረጋውና መቀሱን አነሳ። «ዘሐራ፥ እስኪ ነይ» አላት። እናቴ እጇን እየጠረገች መጥታ ቆመች። ደንበኛ እንደሚያይ ከትከሻዋ ጀምሮ ወደ ታች አያት። እንደገና አያት። መቀሱ በእጁ እንዳለ ቆመ። የለበሰችው የታላቅ እህቷን ውራጅ ነበር፤ ሰፊ፥ ወገቡ በመቀነት የተሰበሰበ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ቀሚስ አልነበራትም፤ ለካ እኔም አስተውዬ አላውቅም።

«ልክሽን አላውቀውም» አለ አባቴ፥ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ከየት ታውቀዋለህ? ሰፍተህልኝ አታውቅ» አለችው። ቅሬታ አልነበረበትም፤ የጨው ዋጋ እንደምትነግረው ነው የነገረችው።

አባቴ መቀሱን አስቀመጠ። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ትከሻዋን ለካ፥ ክንዷን ለካ፥ ወገቧን ለካ፤ ቁጥሩን እኔ እንድይዝለት እየነገረኝ። ቁመቷን ሊለካ ሲል በጉልበቱ ወረደና የሜትሩን ጫፍ ከእግሯ ሥር ያዘ። ከለካም በኋላ እዚያው ቆየ። እናቴ አፈረች፤ «ተነስ እንጂ፥ ልጅቱ እያየች ነው» አለችው።

«ትመልከት» አለ አባቴ።